ፊሎ፦ የቅጠሉና የውሃው ነገር

እንደምን አመሻችሁ። ከፊት ያላችሁ ይህን ቅጠል በደንብ ታዩታላችሁ፤ ለኋለኞቹ ወደ መብራቱ ከፍ ላድርገው። ከጀርባው የያዝኩት ጋዜጣ ነው። ርዕሱ ይነበባል አይደል? ጠጋ ላለ ሰው ትንንሹም ፊደል ይነበባል። ይህ ሊጥ ነው። የፉርኖ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው፣ ጥቂት ዘይትና ጥቂት አቸቶ፣ በቃ። እርሾ የለውም፣ እንቁላል የለውም፣ ወተትም የለውም። አሁን ሳልሸፍነው እዚህ ጠረጴዛ ላይ እተወዋለሁ። በኋላ እንፈልገዋለን።

ስሙ ፊሎ ነው፤ በግሪክኛ ቅጠል ማለት ነው። እኛም የመጽሐፍን ሉክ ቅጠል ስለምንል ስያሜው አይከብደንም። ቱርኮች ዩፍካ ይሉታል፣ ግብጾች ጉላሽ። ዱባይ ወይም ጅዳ ያለች እህታችሁ ሱፐርማርኬት ፍሪዘር ውስጥ «ጉላሽ» የሚል ካርቶን አየሁ ካለቻችሁ ይኸው ፊሎ ነው፤ የሃንጋሪው የሥጋ ወጥ አይደለም። ማን ቀድሞ ሠራው የሚለውን ክርክር ለግሪኮችና ለቱርኮች እንተወው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ማሕሙድ አል-ካሽጋሪ ባዘጋጀው የቱርክኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ የዩፍካ ስም አለ። ግሪክ ውስጥ ደግሞ ሙያው እ.ኤ.አ. በ1923 ከቱርክ ጋር ከተፈረመው የሕዝብ ልውውጥ ብዙ አትርፏል። በዚያን ጊዜ ከትንሿ እስያ ከተፈናቀሉት ከ1 ሚሊዮን በላይ ኦርቶዶክሶች መካከል ሊጥ አየር ላይ እያሽከረከሩ የሚዘረጉ ባለሙያዎች ነበሩ። ተሰሎንቄና ሴሬስ ዛሬ የሚኮሩበት ቡጋጻ፣ ማለትም ክሬም ወይም አይብ የተሞላው የቁርስ ኬክ፣ በእነዚያ ሰዎች እጅ ነው የጎለበተው።

እኛ ዘንድ ፊሎ የገባው በባቅላባ በኩል ነው። ካፌ ገብታችሁ መስታወቱን ስታዩ ባቅላባና ሚልፎይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ድርብርብ ናቸው፣ ሁለቱም ሲነከሱ ይፈረፈራሉ። አሠራራቸው ግን የተለያየ ነው። በሚልፎዩ ሊጥ ቅቤው ከውስጥ ታጥፎ ይገባል፤ ሦስት እጥፍ እየተደረገ ስድስት ጊዜ ሲታጠፍ 729 የቅቤ ንብርብር ያወጣል፤ ኦቨን ሲገባም ያብጣል። ፊሎ አያብጥም። ቅባቱን ቅጠል በቅጠል የሚቀባው ሠሪው ራሱ ነው፤ ስለዚህ የንብርብሩ ብዛትም፣ የቅባቱ ዓይነትም፣ ጥፋቱም የእናንተ ነው።

ጥፋት ካልን፣ ፊሎ ላይ ከሚደርሱት ብልሽቶች አብዛኞቹ አንድ ምንጭ አላቸው፦ ውሃ። ቅጠሉ ተሰባበረ ማለት ውሃው ወጣ ማለት ነው። ተጣብቆ አልላቀቅ አለ ማለት ውሃ ገባበት ማለት ነው። የታችኛው ላመ፣ ባቅላባው ሙክክ አለ፣ ሽሮፑ ስኳር ሠራ፤ ሁሉም ውሃው ባልተፈለገበት ቦታ ወይም ሰዓት ስለተገኘ ነው። ዛሬ ከካርቶኑ እስከ ትሪው የምንከተለው ይህን ውሃ ነው።

በካርቶኑ እንጀምር። አሜሪካ ያላችሁ የምትገዙት አብዛኛውን ጊዜ 454 ግራም ነው፤ አውሮፓ ውስጥ 400 ወይም 450 ግራም ይገኛል። የአሜሪካኑ ካርቶን ላይ ቁጥር ካለ እዩት፦ ቁጥር 4 ስሱ ነው፣ ለባቅላባና ለትንንሽ ጥቅሎች ይሆናል፤ ቁጥር 7 መካከለኛ ነው፤ ቁጥር 10 ወፈር ያለው ሲሆን ለትልልቅ የአትክልት ኬኮች ይመቻል። የግሪክ ካርቶን ከሆነ ክሩስታስ የሚለው ስሱ ነው፣ ሆርያቲኮ የሚለው የገጠሩ፣ ወፍራሙ። ለጀማሪ ወፍራሙን እመክራለሁ። ሰው ሁሉ በስሱ ጀምሮ ነው ከፊሎ ጋር የሚጣላው።

ፊሎ በረዶ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ አፈታቱ ደግሞ ግማሽ ሥራ ነው። ካርቶኑን ሳትከፍቱ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አውርዱትና እዚያ ይደር። በማግሥቱ አሁንም ሳትከፍቱት ከሥራው ከ1 እስከ 2 ሰዓት ቀደም ብላችሁ አውጡትና የቤቱን ሙቀት ይያዝ። እንግዳ ሊመጣ ነው ብላችሁ ከፍሪዘር አውጥታችሁ በቀጥታ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡት፣ ይባስ ብላችሁ ማይክሮዌቭ ብታስገቡት፣ የውጪው ቅጠል ይሞቅና ውስጡ በረዶ ይሆናል፤ በመካከል ያለው እርጥበት ወደ ውሃ ተለውጦ ዳር ዳሩን እንደ ሙጫ ያጣብቀዋል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። አንዴ የተፈታ ፊሎ ተመልሶ ፍሪዘር አይግባ፤ በሁለተኛው መፍታት ላይ ይሰባበራል። ሳይከፈት ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል።

ከመክፈታችሁ በፊት ሌላው ሁሉ ይዘጋጅ። ሙሌቱ ይቀዝቅዝ፣ ቅቤው ይቅለጥ፣ ትሪው ይቀባ፣ ብሩሹ እጃችሁ አጠገብ ይሁን። ከዚያ ጥቅሉን ዘርግቱ፣ በላዩ ላይ ደረቅ ፕላስቲክ አልብሱ፣ በፕላስቲኩ ላይ ደግሞ ነክራችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ የጨመቃችሁትን ጨርቅ ጣሉበት። እርጥብ ጨርቅ በቀጥታ ሊጡ ላይ አይደረግ። ይህን ብዙ የምግብ መጽሐፍ ተሳስቶ ይጽፈዋል፤ ላይኛዎቹን ሦስትና አራት ቅጠሎች ወደ ፓስታ የሚለውጣቸው እሱ ነው።

እስኪ ቅድም የተውነውን ቅጠል እንየው። ስንት ደቂቃ ሆነው? ስምንት ቢሆን ነው። ስሙት፤ እንደ ደረቀ ኮባ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ላጥፈው ስሞክር ይኸው፣ ለሁለት ተሰበረ። ከ0.2 ሚሊሜትር በታች ውፍረት ያለው ነገር በሁለት ፊቱ ውሃ ሲያጣ ይኸው ነው። ቁርጥራጩን እዚህ ሳህን ላይ አደርገዋለሁ፤ አይጣልም።

ቀጥሎ ቅባት። የገበታ ቅቤ ከ100 ግራሙ 16 ግራም ገደማ ውሃ ነው። 250 ግራም ቅቤ አቅልጣችሁ እንዳለ ብትቀቡ ግማሽ የቡና ሲኒ ውሃ በቅጠሎቹ መካከል አፈሰሳችሁ ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ነጩ የወተት ዝቃጭ አለ፤ እሱ ቶሎ ስለሚያርር ባቅላባው ገና ሳይበስል ላዩ ነጠብጣብ ያወጣል። ስለዚህ ቅቤው ይነጠር። በቀስታ እሳት ላይ አስቀምጡት፣ አረፋውን ግፈፉ፣ ጥርት ብሎ ሲወጣ ዝቃጩን ሳትነኩ ቅዱት። 250 ግራም ካነጠራችሁ 200 ግራም ገደማ ይወጣል። ማንጠር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለምና እዚህ ላይ ከማንም እንቀድማለን። ግን ኮረሪማና ኮሰረት የገባበትን የወጥ ቅቤ ባቅላባ ላይ እንዳታደርጉ! ስኳሩንና ቀረፋውን ሁሉ ይሸፍነዋል። ለጎመን ወይም ለሥጋ ጥቅል ከሆነ ግን ይሂድ፣ ያምርበታልም።

አቀባቡ ላይ ሰው ያበዛል። 35 በ45 ሳንቲሜትር ለሆነ ቅጠል አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ከዳር ጀምሩ፣ ቀድሞ የሚደርቀው ዳሩ ነውና፤ ከዚያ ወደ መሃል እርጭ እርጭ እያደረጋችሁ በቀስታ አዳርሱ። እያንዳንዷ ነጥብ መነከር የለባትም። ቅጠሎቹ መካከል ትንሽ አየር ቢቀር ይመረጣል፤ ያ አየርና ከሊጡ የሚወጣው እንፋሎት ናቸው ቅጠሎቹን የሚለያዩአቸው። ቅጠል ቢቀደድ አትደንግጡ፤ ጠግናችሁ በመካከል አግቡት። ደህናዎቹን ሁለት ሦስት ቅጠል ግን ከመጀመሪያው ለላይኛው ፊት ለይታችሁ አስቀምጡ።

በጾም? ደስ የሚለው ይኸው ነው። የፋብሪካ ፊሎ አብዛኛውን ጊዜ ወተትና እንቁላል የሌለበት ስለሆነ (ካርቶኑን ግን አንብቡ) በዘይት ከተሠራ ጾም ነው። ግሪኮችም እንደ እኛ ረጅም ጾም አላቸው፤ በዐቢይ ጾም አይብ የሌለበት የስፒናች ኬክ በሩዝና በባሮ ሽንኩርት ይሠራሉ። ዘይት ብቻ ሲሆን ቀለሙ ዘግይቶ ይመጣልና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጨምሩበት።

ወደ ጨዋማው እንሂድ። ስፓናኮፒታ፣ የስፒናች ኬክ። ስፒናች 91 በመቶው ውሃ ነው፤ የምግቡ ችግርም መፍትሔም እዚህ ቁጥር ውስጥ አለ። ለ25 በ35 ትሪ 1 ኪሎ ስፒናች ያስፈልጋል። እዚህ ስፒናች ካጣችሁ ቆስጣ ይሆናል፤ ግሪኮቹም ራሳቸው በቆስጣ ይሠራሉ። የቆስጣው ነጩ ግንድ ግን ይውጣ ወይም ለብቻው ይጠበስ። ቅጠሉን ከትፋችሁ በ1 የሻይ ማንኪያ ጨው እሹት፣ 20 ደቂቃ ወንፊት ላይ ይቀመጥ፣ ከዚያ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እንደ ልብስ ጭመቁት። ጨመቅኩ ካላችሁ በኋላ እንደገና ጭመቁት። ከ1 ኪሎው ግማሽ ኪሎ ቢቀር ነው፤ በሳህኑ የቀረውን አረንጓዴ ውሃ አይታችሁ ያ ሁሉ በሊጡ ሥር ሊገባ እንደነበር አስቡት።

በዘይት ያበሰላችሁትን 150 ግራም የሽንኩርት ቅጠል፣ አንድ እስር እንስላል፣ ግማሽ እስር ፐርስሜሎ፣ 300 ግራም የተፈረፈረ ፌታ (ጨዋማው የግሪክ ነጭ አይብ)፣ 3 እንቁላልና ቁንዶ በርበሬ ጨምሩበት። በመጨረሻ 2 የሾርባ ማንኪያ ሰሞሊና (ሸካራ የስንዴ ዱቄት) ወይም ደረቅ የዳቦ ፍርፋሪ፤ እሱ የሚያመልጠውን ፈሳሽ ይመጥጣል። ፌታው ጨዋማ ስለሆነ ጨው የምትጨምሩት ቀምሳችሁ ነው። ፌታ ካልተገኘ የኛ አይብ ይተካዋል፤ እንደ ፌታ ሁሉ ኦቨን ውስጥ አይቀልጥም፣ ቅርጹን ይይዛል። ሁለት ነገር ግን ይጎድለዋል፣ ጨውና ድርቀት። 350 ግራም አይብ በጨርቅ ቋጥራችሁ አንድ ሌሊት አንጠልጥሉት፣ ከዚያ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና ጥቂት የሎሚ ጭማቂ አድርጉበት። ከገበያ እንደመጣ ብታስገቡት ሾርባ ይሆናል።

ትሪው ላይ 6 ቅጠል ከሥር እየተቀባ፣ ትርፉ ከዳር ወጣ ብሎ ይነጠፍ። የቀዘቀዘው ሙሌት ይግባ። ትኩስ ሙሌት የሥሩን ሊጥ ገና ኦቨን ሳይገባ በእንፋሎት ይቀቅለዋል። የወጣውን ትርፍ ወደ ውስጥ እጠፉ፣ 6 ቅጠል ከላይ አልብሱ፣ በስለት ላይ ላዩን ብቻ ሙሌቱን ሳትነኩ ቁራሹን አመልክቱ። ያ መስመር ሁለት ጥቅም አለው፤ እንፋሎት ያስወጣል፣ በኋላ ሲቆረጥም አይፈረፈርም። ከዚያ እጃችሁን ውሃ ነክራችሁ ፊቱን ረጨት አድርጉ፤ የላይኛው ቅጠል ተጠቅልሎ እንዳይነሣ ነው። እስካሁን ያባረርነው ውሃ እዚህች ላይ ብቻ ይፈለጋል።

180 ዲግሪ፣ በኦቨኑ የታችኛው መደርደሪያ፣ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ። ማራገቢያ ያለው ኦቨን ከሆነ 160። የብረት ትሪ ከወፍራም የሸክላ ዕቃ ይሻላል፤ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ሥሩ ያደርሳል። መብሰሉን በላዩ ቀለም ብቻ አትፍረዱ፤ በዳር በኩል በቢላ ከፍ አድርጋችሁ ሥሩን እዩት፣ ወርቃማ ይሁን። ወጥቶም ቢያንስ 20 ደቂቃ ሳይሸፈን ይረፍ።

በትንንሹ መሥራት የሚፈልግ ቅጠሉን 7 ሳንቲሜትር ስፋት ባላቸው ረጃጅም ቁራጮች ይቁረጥ፤ ጫፉ ላይ 1 የሾርባ ማንኪያ ሙሌት አድርጎ ልክ እንደ ሳምቡሳ ማዕዘን በማዕዘን ይጠቅልል። ላላ አድርጎ፤ ሙሌቱ ሲሞቅ ይሰፋልና የተጠበቀው ይፈነዳል። ሳምቡሳ ካልን አይቀር፣ የሳምቡሳ ቅጠልና ፊሎ አንድ አይደሉም። በገበያ የሚሸጠው የሳምቡሳ ቅጠል በጋለ ብረት ላይ ግማሽ በስሎ የወጣ፣ ወፈር ያለ ነው፤ ለመጥበስ የተሠራ ነው። ፊሎ በዘይት ሲጠበስ ይበታተናል፣ ዘይትም ይጠጣል። የፊሎ ቦታው ኦቨን ነው። በሳምቡሳ ቅጠል ባቅላባ ብትሠሩም ካርቶን ትበላላችሁ። ፊሎ ተቀዶ የሚሠራ የሚመስለው ክር መሳዩ ካታይፊም ሌላ ነገር ነው። እሱ ቀጭን ሊጥ በሚሽከረከር ትኩስ ምጣድ ላይ በቀዳዳ እየፈሰሰ የሚሠራ ሲሆን፣ ያ የተወራለት የዱባይ ቸኮላት ውስጥ የሚንኮሻኮሸው እሱ ነው።

አሁን ባቅላባ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

500 ግራም ስስ ፊሎ፣ 20 ትልልቅ ቅጠል ገደማ፣ ለሁለት ሲቆረጥ 40 ይሆናል፤ 23 በ33 የሆነ ትሪ ይይዘዋል። 250 ግራም የተነጠረ ቅቤ። 500 ግራም ዋልነት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቅርንፉድ። ዋልነት ዋጋው አልቀመስ ካለ በኦቾሎኒ ይሠራል፤ ኦቾሎኒው ግን መጀመሪያ ቀለል ተደርጎ ተቆልቶ ልጣጩ ይውጣ፣ ያለዚያ ጥሬ ጥሬ ይላል። አፈጫጨቱ ላይ ተጠንቀቁ። ፍሬው 3 እና 4 ሚሊሜትር ያህል ሆኖ ይቅር፤ ዱቄት ከሆነ ቅባቱ ይወጣና እንደ ጭቃ ይጠቀጠቃል፣ ሽሮፑም አያልፍበትም።

ከሥር 10 ቅጠል እየተቀባ። ፍሬውን ለአምስት ክፈሉት፤ አንድ ፍሬ፣ 4 ቅጠል፣ አንድ ፍሬ፣ 4 ቅጠል እያላችሁ አምስተኛው ፍሬ ላይ ስትደርሱ 16 ቅጠል በመካከል ገብቷል። ከላይ የቀረውን 14። ከዚያ ትሪውን ፍሪጅ ውስጥ 20 ደቂቃ አስገቡት። ቅቤው ሲረጋ ቅጠሎቹን አንድ ላይ ይይዛቸዋል፣ ቢላውም አይጎትታቸውም። አሁን ቁረጡ፣ ከመጋገሩ በፊት፣ እስከ ትሪው ሥር ድረስ። ከተጋገረ በኋላ የተቆረጠ ባቅላባ ፍርፋሪ ነው፤ ሽሮፑም የሚወርድበት መንገድ አያገኝም። ቢላውን ቀጥ አድርጋችሁ በሌላው እጅ ጣቶች ላዩን ያዝ አድርጉ። በየቁራሹ መሃል አንድ አንድ ቅርንፉድ መሰካት የግሪኮች ልማድ ነው፤ የላይኛውን ቅጠልም ይይዛል።

165 ዲግሪ፣ ከ60 እስከ 75 ደቂቃ። ቸኩላችሁ 200 ብታደርጉት ላዩ ቶሎ ይቀላና መሃሉ ጥሬ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፤ ያ ጥሬ መሃል ሽሮፕ ሲጠጣ ነው ገንፎ የሚሆነው። ሰዉ ግን ሽሮፑን ይወቅሳል።

ሽሮፑ 500 ግራም ስኳር፣ 350 ሚሊሊትር ውሃ፣ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ የሎሚ ልጣጭ ነው። ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ አማስሉ፤ ከፈላ በኋላ ማንኪያ አይግባበት። ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይፍላ፣ በመጨረሻ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ከእሳት ሲወርድ 100 ግራም ማር። ሎሚው ለጣዕም ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አሲዱ ከስኳሩ ከፊሉን ይሰባብረውና ተመልሶ እንዳይረጋ ያደርጋል። በሁለተኛው ቀን ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሽ ባቅላባ በልታችሁ ከሆነ ወይ ሎሚ አልገባበትም ወይ እየፈላ ተማስሏል። በቴርሞሜትር ለምትሠሩ ደግሞ አንድ ማስታወሻ። መጽሐፉ የሚላችሁ ዲግሪ በባሕር ወለል የተለካ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ከመጽሐፉ ቁጥር 8 ቀንሱ፤ 104 ካለ 96። ያለዚያ ሽሮፑ ከሚፈለገው በላይ ወፍሮ ላይ ላዩን እንደ ከረሜላ ይቀመጣል።

አንዱ ትኩስ፣ አንዱ ቀዝቃዛ። ይህን ሁሉም ሰው ሰምቷል፤ ምክንያቱ ግን እምብዛም አይነገርም። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ቅጠሉን ይቀቅለዋል። ሁለቱም ቀዝቃዛ ከሆኑ ወፍራሙ ሽሮፕ አይገባም። ለባቅላባ የቀዘቀዘ ሽሮፕ ከኦቨን እንደወጣ ይፈስስበት፤ የትሪው ሙቀት ሽሮፑን እያቀጠነ ወደ ታች ያወርደዋል፣ የላይኛውም ቅጠል ኮሽ እንዳለ ይቆያል። ሲፈስ ጽጽ የሚል ድምፅ ካልሰማችሁ ዘግይታችኋል። ከዚያ ቢያንስ 6 ሰዓት ሳይሸፈን ይቀመጥ፣ ፍሪጅም አይግባ። በተሸፈነ ትሪ ክዳን ሥር የሚንጠለጠለውን የላብ ጠብታ ታውቁታላችሁ፤ ያ ተመልሶ የሚወርደው ባቅላባው ላይ ነው።

ጋላክቶቡሬኮ ለሚሉት ሌላው ባለ ሽሮፕ የግሪክ ኬክም ሕጉ ያው ነው፣ በፍሬው ፋንታ የሰሞሊና ክሬም መግባቱ ነው ልዩነቱ፦ 1 ሊትር ወተት፣ 160 ግራም ደቃቅ ሰሞሊና፣ 200 ግራም ስኳር፣ 4 እንቁላል፣ ቫኒላ። 170 ላይ 1 ሰዓት ይጋገራል። በተሠራበት ቀን ይበላ፤ በማግሥቱ የሥሩ ቅጠል ክሬሙን መጥጦ ይልማል፣ ለዚያ መድኃኒት የለውም።

ፊሎ ቤት ውስጥ ይሠራል ወይ ብላችሁ የምትጠይቁ ትኖራላችሁ። ስሱን ግዙት። የጋዜጣ ፊደል የሚያሳየውን ለመሥራት ዓመታት የሠራ እጅ ወይም ማሽን ይፈልጋል፤ አያዋጣም። ወፍራሙን፣ ሆርያቲኮውን ግን ቤት ሥሩት፤ ከተገዛው ይበልጣል። 500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ አቸቶ፣ 270 ሚሊሊትር ለብ ያለ ውሃ። ውሃውን ሁሉንም በአንዴ አታፍስሱ፤ ዱቄታችን ከወፍጮ ወፍጮ የሚጠጣው ይለያያል። 10 ደቂቃ እሹት፤ የጆሮ ጫፍ ያህል ልስልስ ሲል በቃ። በ8 ድቡልቡል ከፍላችሁ ዘይት ቀብታችሁ ሸፍኑትና 1 ሰዓት ይረፍ። ይህ ዕረፍት አይዘለልም። ስትዳምጡት እንደ ላስቲክ እየተሸበሸበ ወደ ኋላ የሚመለስ ሊጥ ጉልበት አይፈልግም፣ ሌላ 20 ደቂቃ ነው የሚፈልገው። አቸቶውም ለዚሁ ነው፤ የሊጡን ጅማት ያለዝበዋል።

ግሪኮች የሚዳምጡበት እንጨት እንደኛ መዳመጫ ወፍራም አይደለም፤ እንደ መጥረጊያ እጀታ ቀጭን ሆኖ 80 ሳንቲሜትር ይረዝማል። ሊጡ የሳህን ያህል ሲሰፋ የበቆሎ ስታርች ይነሰነስበታል፣ እንጨቱ ላይ ይጠቀለላል፣ መዳፎች ከመሃል ወደ ዳር እየተንሸራተቱ ያሽከረክሩታል፤ ከዚያ ይዘረጋል፣ ሩብ ዙር ይዞራል፣ እንደገና ስታርች። 45 ሳንቲሜትር ሲደርስ ከሥሩ ያስገባችሁት እጅ ጥላ ይታያል። በስታርች ፋንታ ዱቄት የነሰነሰ ሰው ዱቄቱ ሊጡ ውስጥ እየገባ ያደርቅበታል።

ተሠርቶ ያልተጋገረ ኬክ ፍሪዘር ይወዳል፤ ሳይፈታ በቀጥታ ኦቨን ይገባል፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጨመርለታል። የተጋገረው ሲያድር በ160 ኦቨን ለ10 ደቂቃ ይሞቅ። ማይክሮዌቭ ከሙሌቱ ውሃ አውጥቶ ወደ ቅጠሉ ስለሚልከው አይሆንም።

በሉ አሁን ያንን የተሰባበረ ቅጠል አምጡልኝ። ከማንኛውም ካርቶን መጨረሻ የሚቀረው፣ የተቀደደው፣ ሳይሸፈን የቀረው፣ ለዚህ ይጠራቀማል። ግሪኮች ፖርቶካሎፒታ የሚሉት የብርቱካን ኬክ አለ፤ ዱቄት የለበትም፣ በዱቄት ቦታ የሚገባው ሆን ተብሎ የደረቀ ፊሎ ነው። 450 ግራም ቅጠል ተቀዳዶ ተበትኖ ይደር፣ ወይም በ100 ዲግሪ ኦቨን 20 ደቂቃ ይድረቅ። በጎድጓዳ ሳህን 4 እንቁላልና 150 ግራም ስኳር ምቱ፣ 200 ሚሊሊትር ዘይት፣ 250 ግራም ወፍራም እርጎ፣ የ2 ብርቱካን ልጣጭ ተፍቆ፣ የ1 ብርቱካን ጭማቂ፣ 20 ግራም ቤኪንግ ፓውደር ጨምሩ። ቅጠሉን እፍኝ በእፍኝ እየበተናችሁ አስገቡት፤ በአንዴ ከገባ ይጓጉላል። በተቀባ ትሪ 180 ላይ 40 ደቂቃ ይጋገር። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ 400 ግራም ስኳር፣ 400 ሚሊሊትር ውሃና የብርቱካን ልጣጭ 5 ደቂቃ አፍልታችሁ ትኩሱን በጭልፋ በጭልፋ አፍስሱበት። የመጀመሪያው ጭልፋ እስኪገባ ጠብቁ፣ ከዚያ ሁለተኛው። የደረቀው ቅጠል ሁሉንም ይጠጣዋል።